ወደ ኮሎኒያ የተላከ መርዶ

ኮሎኒያ የምትባለውን ከተማ ካርታ ላይ ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ከሃዋይ ወደ ምዕራብ ብዙ ሰማያዊ ባዶ ቦታ ከተሻገሩ በኋላ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ አለች፤ ፖንፔ ትባላለች። ኮሎኒያ የዚያች ደሴት ዋና ከተማ ናት። ዋና ከተማ ስል ሰው እንዳይሳሳት፤ ያላት አንድ ትልቅ መንገድ፣ ጥቂት መሥሪያ ቤቶች፣ ቆርቆሯቸው የዛገ ሱቆችና ማቆሚያ የሌለው ዝናብ ነው። ከዳር እስከ ዳር በእግር ቢሄዱባት ግማሽ ሰዓት አትሞላም። እኔ አራት ቀን ቆይቼባታለሁ። ሥራ ቦታ ሲጠይቁኝ "ለጉብኝት ነበር" እላለሁ። ለጉብኝት አልነበረም፤ መርዶ ይዤ ነው የሄድኩት።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው፤ እዚያው የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ኅብረተሰብ አስተምራለሁ። የተከራየሁት ቤዝመንት ነው። ከላይ የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምላት ሴት፣ ከልጇና ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። እትዬ ዴንቨር ውስጥ፣ ሴንትራል ፓርክ በሚባለው ሰፈር አንድ የልብስ መደብር ውስጥ ትሠራለች። ቀን ቀን ቤት የሚውሉት እናቷ ነበሩ፤ መርካቶ ተወልደው መርካቶ ያረጁ፣ ኦሮራን በመስኮት ብቻ የሚያውቁ ሴት። የመድኃኒታቸውን ወረቀት እንዳነብላቸው ደረጃው ላይ ቆመው ይጠሩኛል። ክርስቲያን መሆኔን እያወቁ "ኡስታዝ" ነበር የሚሉኝ። "የሚያስተምር ሁሉ ኡስታዝ ነው፤ ምን ልበልህ ታዲያ?" ይላሉ።

እኚህ ሴት ትምህርት ቤት በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሆስፒታል በገቡ በማግስቱ ሞቱ። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ተቀበሩ።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ የእትዬ ታናሽ ነው። ኮሎኒያ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል። በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ለእናቱ ይደውላል። የእሱ ዓርብ ጠዋት የእኛ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደሴቲቱ ከኮሎራዶ አሥራ ሰባት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ እናቱ በሞቱበት ቀን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ስልኩ ጠራ። እትዬ ስልኩን ይዛ ጋራዥ ገባች፤ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች፣ በሩን ዘጋች። እኔ ወንበር ላወጣ ገብቼ ነበርና በመስታወቱ አየኋት። ፊቷ በእንባ ርሶ ድምጿ ግን ደህና ነበር። "መድኃኒት ወስዳ ተኝታለች" ትለዋለች። "አይ፣ ደህና ናት። ቀስቅሼ ላስቆጣት?"

ለምን እንደዋሸችው መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። አባታቸው የሞቱ ጊዜ ወንድምየው ሩቅ አገር ተማሪ ነበር። አንድ ዘመድ ቸኩሎ በስልክ ነገረው። ብቻውን ነበር የሰማው፤ የሚይዘው ሰው የለም፣ አብሮት የሚያለቅስ የለም። ሦስት ቀን የዶርሙን በር ዘግቶ ተቀመጠ። እትዬ እንደምትለው ከዚያ በኋላ በደንብ ወደ ሰው አልተመለሰም። ሥራ ሲቀይር ሁልጊዜ ከበፊቱ ይበልጥ ወደሚርቅ ቦታ ነው፤ መጨረሻው ያቺ ደሴት ሆነች። እሷም እናታቸው አንድ ቀን የሚሞቱ ከሆነ ብቻውን አይሰማም ብላ ምላለች።

ቅዳሜ ሳሎን ውስጥ ተመካከሩ። እትዬ አለች፣ ልጇ አለች፣ የሟቿ ወንድም አጎትየው አሉ፤ እኔ ሻይ አቀርባለሁ።

"ማም፣ ጀስት ፌስታይም አድርጊው" አለች ልጇ።

"አንቺ ዝም በይ። መርዶ በስልክ አይነገርም።"

"ባት ዋይ? ፊትሽን ያያል እኮ።"

"ፊት ምን ያደርግለታል? እጅ ነው የሚያስፈልገው" አሉ አጎትየው። በዴንቨር ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ድምፃቸው ወፍራም ሰው ናቸው። "እኔን ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሎኛል። አንቺ ለቅሶ ቤት ጥለሽ አትሄጂም። የሚመጣው ሐሙስ ደግሞ መደወሉ አይቀርም። ሁለተኛ ተኝታለች ብትይው አያምንሽም።"

"ኡስታዝ እረፍት ላይ ነው" አለች እትዬ ቀስ ብላ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። "እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ" አልኩ፤ ሌላ ምክንያት አልመጣልኝም።

"መርዶ ሃይማኖት የለውም" አሉ አጎትየው። "ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ያንተ ሥራ ማስረዳት ነው። ይኼ ማርዳት ነው፤ ለየብቻ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ሰው ይዘህ ትሄዳለህ። ትቀመጣለህ። ትናገራለህ። ከዚያ ዝም ትላለህ። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"ዝም የሚለው ላይ ነው የምጠራጠርህ።"

ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚሳቀውን ያህል ተሳቀ።

የሳቸው ቀልድ ለእኔ ግን ትምህርት ሆኖ ቀረ። በአማርኛ "ተረዳ" ስንል አንድም ገባው ማለት ነው፣ አንድም ዘመዱ መሞቱን ሰማ ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ብነግራቸው የሚወዱት ዓይነት ነገር ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህንን ነው። አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ለወንድምየው፣ ቤዝመንት የሚኖረው አስተማሪ ደሴት ሊጎበኝ ይመጣልና ተቀበለው ተባለ። ደስ ብሎት የሚያሳየኝን ቦታ በዝርዝር ጻፈ። እኔም በበኩሌ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በማስመሪያና በሁለት ቀለም ማርከር በሐበሻ ሰዓት አሰናድቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩላቸው። በስተግራ ኮሎኒያ፣ በስተቀኝ ኦሮራ። "ማክሰኞ ማለዳ 12 ሰዓት ኮሎኒያ፣ መርዶ ይነገረዋል፤ ይህ በኦሮራ ሰኞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ሰኞ ከ9 ሰዓት በኋላ ለማጽናናት መደወል ይቻላል።" አጎትየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና "እንዲህ ነው እንጂ የተማረ ሰው" አሉ።

ሠንጠረዡ ስሕተት ነበረበት። አሥራ ሰባቱን ሰዓት በትክክል ቀንሻለሁ፤ የረሳሁት ራሴን ነው። ሰኞ ጠዋት ከሃዋይ ተነሥቼ አሥር ሰዓት ስለምበር ሰኞ ማታ እደርሳለሁ ብዬ ቆጠርኩ። ነገር ግን ባሕሩ መካከል ቀን የሚለወጥበት መስመር አለ፤ እሱን ያለፈ ሰው ሰኞን እዚያው ጥሎ ማክሰኞ ውስጥ ይገባል። ኮሎኒያ የምደርሰው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቲኬቱ ላይ ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ የመደመር ምልክትና አንድ ቁጥር ተጽፎ አይቻለሁ፤ ስለ ሻንጣ መስሎኝ አለፍኩት። ይህን መስመር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ ፈተናም አወጣበታለሁ።

እሑድ ተነሣሁ። ከሃዋይ በኋላ አውሮፕላኑ እንደ ታክሲ በየደሴቱ እየቆመ ነው የሚሄደው። በግራም በቀኝም ውሃ ያለበት ቀጭን የአስፋልት ክር ላይ ያርፋል፣ ሰው ያወርዳል፣ እንደገና ይነሣል። አንዱ ማረፊያ የጦር ሰፈር ስለሆነ ከተፈቀደለት በቀር ማንም ከወንበሩ አይነሣም። የማረዳበትን ንግግር በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እያስተካከልኩ ነበር። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ኦሮራ ውስጥ ሰዓቱ ከ9 ሰዓት ሲያልፍ፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ አጎትየው ስልክ አነሡ። እኔ ገና ሰማይ ላይ ነበርኩ። ይህን ግን ያወቅኩት በኋላ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ወንድምየው ጃንጥላ ይዞ በብረት አጥሩ በኩል ቆሞ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው፣ የእናቱን ግንባር የወሰደ ሰው ነው። "እንኳን ደህና መጣህ፣ ኡስታዝ" አለኝ፤ ስሜን ከእናቱ ነው የሰማው። መሪው በስተቀኝ ወደሆነ አሮጌ ፒካፕ ገባን።

"ጃፓኖች ነድተው የጠገቡትን ነው እዚህ የሚልኩልን" አለ። "ይህች ደሴት ላይ ጡረታ ያልወጣ መኪና የለም።" ሞተሩን አስነሣ። "ቤት እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም ደህና ናቸው፣ ጋሼ።"

ራሱን ነቀነቀና ባሕሩን በሚያቋርጠው የድንጋይ መንገድ ላይ ነዳ።

ሰው የፓስፊክ ደሴት ሲባል ነጭ አሸዋ ያስባል፤ እኔም አስቤ ነበር። ከተማዋ ዳርቻ ላይ አሸዋ አላየሁም። ባሕሩ ጭቃ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ሥሩን እንደ ሸረሪት እግር የዘረጋ ዛፍ ቆሟል። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ተራራውን ሸፍኖታል። ዝናቡ ይጥላል፣ ያባራል፣ እንደገና ይጥላል፤ ማንም አይሮጥለትም።

ወንድምየው የጻፈውን ዝርዝር አወጣና ተራ በተራ አሳየኝ። እስፔኖች የሠሩትን፣ ሽበት የበቀለበት የሚመስል አሮጌ ግንብ፤ ከግንቡ ሥር ያለውን የቤዝቦል ሜዳ፤ ጀርመኖች ያቆሙትንና ቤተ ክርስቲያኑ ጠፍቶ ለብቻው የቀረውን የደወል ማማ። ድምፁ ቀስ ያለና እኩል ነበር፤ ክፍል ውስጥ እንዲህ እንደሚያስተምር ገመትኩ። እኔም አላረፍኩም፤ ስለ እስፔን መርከቦች የማውቀውን ጨመርኩለት። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመን ጣሳ ዓሣና ሩዝ ገዛ። የገንዘቡን መልስ ሳይቀበል ሊወጣ ሲል ሻጩ ጠርቶ መለሰው።

ከከተማው ጫፍ ላይ መኪናውን አንድ ቤት አጠገብ አቆመ። ከቤቱ በር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆርቆሮ የለበሰ፣ በሸክላ የተነጠፈ መቃብር ነበር፤ እንዲደርቅ ልብስ ከላዩ ተሰጥቷል።

"እዚህ ሰው የሚቀበረው ደጁ ላይ ነው" አለ። "ጠዋት በሩን ሲከፍቱ እዚያው ናት።"

"ናት" ማለቱን ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን እንደ ሰዋስው ስሕተት ነው። ቀጥዬም ሰዎች በተለያየ አገር ሙታናቸውን የት የት እንደሚቀብሩ አስረዳሁት። ሳላቋርጥ ብዙ አወራሁ። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ሰማኝ።

"ትንሽ ጠብቀኝ፣ ልስገድ" አለኝ በመጨረሻ። አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ምንጣፉን ዘረጋ። ግንባሩን መሬት አስነክቶ ብዙ ቆየ። ከወትሮው እንደረዘመ ለማወቅ ወትሮውን ማወቅ ነበረብኝ።

የያዘልኝ ማረፊያ ከቤቱ ጎን ያለ አነስተኛ የእንግዳ ቤት ነው። የእንግዳ ቤቱ ባለቤት ወፍራም፣ ዝምተኛ የደሴቲቱ ተወላጅ ናት። ከመሸ በኋላ ከሷ የኢንተርኔት ካርድ ገዝቼ ስልኬን አገናኘሁ። መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። ሁሉም የእትዬ ድምፅ ነው።

"አንተ ልጅ፣ የት ነህ? ደርሰሃል አይደል?"

"አጎቴ በወረቀትህ መሠረት ደውለውለታል። 'አላህ ሶብሩን ይስጥህ' ሲሉት 'ለምኑ?' አላቸው። 'ኡስታዝ አልነገረህም እንዴ?' ሲሉት ስልኩ ተዘጋ። ደግመን ስንደውል አያነሣም።"

"ነግረኸው ነው አይደል? ደንግጦ ነው 'ለምኑ' ያለው። እባክህ፣ ብቻውን አልነበረም በለኝ።"

ቲኬቱን አወጣሁና ያቺን የመደመር ምልክት አየኋት። የተደወለለት ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። እኔ የደረስኩት ከስምንት ሰዓት በኋላ። ያን ሁሉ ሰዓት ብቻውን ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ፣ ጃንጥላ ያዘ፣ እኔን ሊቀበል መጣ። እኔም "ሁሉም ደህና ናቸው" አልኩት። ግንብ አሳየኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት እንደ ልማዴ መጻፍ ነው። በአንድ ሙሉ ገጽ ላይ የይቅርታ ማብራሪያ ጻፍኩ፤ ቀን የሚለወጥበትን መስመር ሳይቀር ሣልኩበት። ለእትዬ "ጠዋት እደውላለሁ" ብቻ ብዬ ላክሁላት። ከዚያ ወደ እንግዳ ቤቱ ባለቤት ሄጄ የጎረቤቷ እናት መሞታቸውን፣ በእኛ ልማድ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዞ እንደሚነገር ነገርኳት። ምንም አልጠየቀችኝም። "እዚህም ለብቻ አይኬድም" አለች፤ "ባሌን እቀሰቅሰዋለሁ።"

ረቡዕ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሦስት ሆነን በዝናብ ውስጥ ተሻገርን። የቤቱ በር ክፍት ነበር። ወንድምየው ታጥቦ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሌሊት ከማረፊያዬ የቤቱን መብራት አይቼ ነበር፤ ስንት ሰዓት እንደበራ ግን አላውቅም።

"ግቡ" አለን።

ተቀመጥን። ወረቀቴን ከኪሴ ማውጣት ጀመርኩ። "ጋሼ፣ ትናንት ስልክ የተደወለልህ በእኔ ስሕተት ነው። እኔ ያሰላሁት…"

"ስልክ አልሰማሁም" አለ።

"እትዬ ነግራኛለች እኮ። አጎትህ…"

"ወንድሜ" አለኝ። እስከዚያ ድረስ ኡስታዝ ነበር የሚለኝ። "ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጥከው ልትነግረኝ ነው። ንገረኝ።"

ወረቀቱን መልሼ ከተትኩት። በአውሮፕላን ላይ ሦስት ጊዜ ከጻፍኩት ንግግር አንዲት ቃል አልመጣችልኝም። "እናትህ ዐርፈዋል" አልኩ። "ሐሙስ ጠዋት። ዓርብ ተቀብረዋል። እህትህ እጃቸውን ይዛ ነበር።" ከዚያ ዝም አልኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ የሰማው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሆኖ ጮኸ። የማስመሰል አልነበረም። ወደ ጎን ሲወድቅ ባልየው ያዘው። ሴትየዋ ከወንበሯ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባውን እየደባበሰች በቋንቋዋ ዝቅ ያለ ነገር ታዜም ጀመር። እኔም ወረድኩ። ምን ያህል እንደቆየን አላየሁም። በረንዳው ላይ ጎረቤቶች መጥተው ቆሙ፤ ተማሪዎቹም ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ።

ረፋዱ ላይ ከእህቱ ጋር በስልክ ተነጋገረ። አጠገቡ ነበርኩ። "ትናንትማ መስመሩ ተቆራርጦ ምንም አልሰማሁም" አላት። "አጎቴ የሆነ ነገር አሉ፣ ጠፋ። አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የነገረኝ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ድምፁ አይሰማሽም?" ስልኩን ወደ በረንዳው አዞረላት።

ወደ ማረፊያዬ ስመለስ የእንግዳ ቤቱ ባለቤት አብራኝ መጣች። ደጃፏ ላይ ስንደርስ ቆመችና እንዲህ አለች፦ "ትናንት ጠዋት ድምፁን ሰምቼ ነበር። ለረጅም ጊዜ። የታመመ መስሎኝ በሩ ድረስ ሄድኩ። ሳንኳኳ ጸጥ አለ። አልከፈተም። ተመለስኩ።" ይህን ስትነግረኝ ፊቴን አላየችም። እኔም የሷን አላየሁም።

ቀጣዩ አውሮፕላን ዓርብ ስለነበረ እስከዚያ አብሬው ተቀመጥኩ። ለቀስተኛ ይመጣል፣ ዓሣ ይዞ፣ ሩዝ ይዞ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተነሥቶ ለሰው ውሃ ለማምጣት ሄደ።

ኦሮራ ከተመለስኩ በኋላ በመጀመሪያው ሐሙስ እትዬን ከሥራ ወጥታ ኩሽና ተቀምጣ አገኘኋት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። የሚደወልበት ሰዓት ደርሶ አለፈ፤ አልጠራም። የሚደወልላቸው እናታቸው ነበሩ እንጂ እሷ አልነበረችም።

"አንተ ልጅ" አለችኝ። "እሱ ምንም አልሰማሁም ይላል። አንተ እውነቱን ንገረኝ። ሲሰማ ብቻውን ነበር?"

"አልነበረም።"

"ስንት ሰው ነበር?"

"ሦስት ሆነን ነው የገባነው። በኋላ ሞላ።"

ፊቴን መረመረችው። "ብቻ ብቻውን አይሁን እንጂ" አለች። "አልሐምዱሊላህ።" ከዚያ ስልኩን አንሥታ እሷ ደወለችለት፤ እኔም ወደ ቤዝመንት ወረድኩ።